የኣምለሰት ሆድ

«ቀዳዳውን ብቻ ይስፉላት፣ ዶቶሬ። ሌላውን ይተዉት።»

ኣምለሰት ይህን የባሏን ቃል የሰማችው ለመስማት ብላ አልነበረም። የክሊኒኩ አስታማሚ መነኩሲት ልትመዝናት ወደ ጎን ክፍል ወስዳት ነበር። ክፍሉ ሲበርዳት ጊዜ ነጠላዬን ላምጣ ብላ ስትመለስ ገርበብ ካለው በር ኋላ ድምፁ ያዛት። በጣልያንኛ ነበር የሚያወራው። ባሏ ኣስመሮም ጣልያንኛ ሲናገር ድምፁ ይቀጥናል፤ ቃላቱን ሊሰበሩ እንደሚችሉ ነገር ተጠንቅቆ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሽማግሌው ሐኪም ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ኣስመሮም የወለደችለት አራቱም ሴቶች እንደሆኑ፣ አባቱ ወንድ የልጅ ልጅ ሳያዩ እንደሞቱ፣ ሚስቱ ደግሞ ገና አርባ ዓመት እንዳልሞላት አስረዳ። ሐኪሙ ቀዳዳው ለብቻው ቢሰፋ ብዙ እንደማይቆይ፣ በላዩ እርግዝና ከመጣ ተመልሶ እንደሚተረተርና ያን ጊዜ ለሕይወቷም እንደሚያሰጋ ነገረው። ኣስመሮም እሱን ለእግዚአብሔር እንተወው አለ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። «እንደ ፈቃድዎ» አለ ሐኪሙ። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ዘንድሮ ስለዘገየው ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

ያው ሐኪም ነገሩን ሁሉ ለራሷ ካስረዳት ገና ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ዶክተር ፎርናሪ ይባላል፤ ፀጉሩ በሙሉ የሸበተ፣ እጁ ግን የወጣት እጅ የሆነ ሰው ነው። ጀርባዋ ላይ አስተኝቷት ራሷን ብቻ ቀና እንድታደርግ ነገራት። ቀና ስትል ከደረቷ ጀምሮ መሐል ሆዷ እንደ ሊጥ ተነሣ። ጣቶቹን በመሐሉ አስገብቶ፣ እዚህ ጋ ጡንቻ የለም አላት። ከደረት እስከ ታች ጎን ለጎን ተያይዘው መውረድ የነበረባቸው ሁለቱ ጡንቻዎች በእርግዝና ብዛት፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ መንትዮች ተለያይተው ዳርና ዳር ቆመዋል። በመሐላቸው የቀረው ስስ ሽፋን ነው። ከእምብርቷ በላይ እሱም ተቀዶ አንጀቷ ይወጣል፣ ይገባል፤ ኤርኒያ የሚሉት ይህን ነው። በዚያ ሽፋን ላይ ቀዳዳዋን ብቻ መስፋት ያረጀ ጨርቅ እንደመጣፍ ነው፣ ክሩ ይይዛል፣ ጨርቁ ግን ከጎኑ ይቀደዳል አላት። ስለዚህ በአንድ ኦፕራሲዮን ሁለት ሥራ ይሠራል። ከታች በኩል ከዳሌ እስከ ዳሌ ይከፍታል፣ ቆዳውን ወደ ላይ ይገልጠዋል፣ አንጀቱን መልሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ከዚያ ሁለቱን ጡንቻዎች ወደ መሐል ስቦ ከላይ እስከ ታች እርስ በርስ ይሰፋቸዋል። የተረፈውን የተንጠለጠለ ቆዳ ቆርጦ ያወጣል፣ ለእምብርቷም አዲስ ቦታ ይሠራላታል። አልጋውም ማደንዘዣውም አንድ ስለሆነ ዋጋው አይጨምርም። አስነሥቶ ካቆማት በኋላም ሐምራዊ እርሳስ አንሥቶ የሚከፍትበትን መስመር ሆዷ ላይ አሰመረ። ከዚህ በኋላ ግን መውለድ የለም፣ ከወለዱ ሥራዬን ሁሉ ያፈርሱታል አለ። ኣምለሰት በትግርኛ «እወ»፣ አዎ አለች፣ እንዳይጠፋበት ደግሞ በጣልያንኛ ደገመችው። ለመመለስ አላሰበችም። መልሱ ለዓመታት አፏ ላይ ተቀምጦ የሚጠየቅበትን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

ነጠላዋን ሳታነሣ ወደ ሚዛኑ ተመለሰች። መነኩሲቷ የሚዛኑን ክብደት እያንሸራተተች፣ ማታ ከመምሸቱ በፊት የሌሊት ልብስና ሳሙና ይዛ እንድትመጣ፣ ከምሳ በኋላ ምንም እንዳትበላ፣ ኦፕራሲዮኑ ነገ ጠዋት እንደሆነ ነገረቻት። ኣምለሰት ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉንም በራሷ ነቅንቃ ተቀበለች። ውስጧ ግን አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ኣስመሮም ብስክሌቱን እየገፋ አጠገቧ ሄደ። የጣልያኖቹ ሰፈር የቪላጆ ጀኒዮ መንገድ በዚያ ሰዓት ጭር ያለ ነው፤ ከየግቢው አጥር ላይ አበባ ይፈስሳል፣ ከየመስኮቱ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል፣ ግማሾቹ ቪላዎች ባለቤቶቻቸው ወደ ጣልያን እየገቡ መዝጊያቸው ተዘግቷል። ኣስመሮም ሐኪሙ ጎበዝ መሆኑን፣ ነገሩ ቀላል መሆኑን፣ አንድ ሳምንት ተኝታ እንደምትወጣ አወራ። ስለ ሌላው ሥራ አላነሣም። እሷም አላነሣችም። ካነሣችው እዚያው መንገድ ላይ፣ በማያውቋቸው ሰዎች በር ላይ እንደምትጮህ ታውቅ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰዓቱን አየ። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አለቃው ማርፈድ እንደማይወድ ተናግሮ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ኣስመሮም ፌደሬሽኑ እስኪፈርስ ድረስ በሚሠራበት የመንግሥት ቢሮ የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ነበር። አገሩ በአንድ ቀን ጠቅላይ ግዛት ሆኗል ተብሎ፣ የቢሮው ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ከተባለ ወዲህ ወንበሩን ለዚያ ልጅ ለቆ በር አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ተቀምጧል። ያን ዓመት ሌሊቱን አይተኛም ነበር። ኣምለሰት መኝታው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ እያገኘችው፣ ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱም ብቻውን አልተወችውም።

ፌርማታው ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ ሞልቷል። ገና እግሯን ከማስገባቷ አንድ መልካም ጎልማሳ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። አጠገቡ የነበረች ሴት ሆዷን አይታ በፈገግታ፣ በሰላም ይገላግልሽ አለቻት። ይህ ለኣምለሰት አዲስ አይደለም። መንትዮቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ከተማው ግን እስከ ዛሬ ድረስ እሷን እርጉዝ ናት ብሎ ያምናል። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በኮምቢሽታቶ መንገድ ላይ ወሯ ስንት እንደሆነ ይጠይቋታል። እሷም ለማስረዳት ሲታክታት አሜን ትላለች። አንዳንዴም ስንት ወር ነው ሲሏት የሆነ ቁጥር ትጠራለች። የጠራችውን ቁጥር ይዛ ወደ ቤቷ ትገባና ጀርባዋ ላይ ትተኛለች፣ የወጣውን አንጀቷን በመዳፏ እያሸች ትመልሳለች። ስትስቅ ሆዷን በእጇ ትይዛለች። ስታስል ትይዛለች። በሙቀት ጊዜ ከተንጠለጠለው ቆዳ በታች ቁስል ይወጣባታል፤ ወገቧን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ግን አሜን አላለችም።

«እርጉዝ አይደለሁም» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ሆዴ ተቀዶ ነው። ነገ ይሰፋልኛል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሴትዮዋ ይቅርታ አለች። ኣምለሰት አላዘነችባትም፤ ጎልማሳውን የቐንየለይ ብላ አመስግና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ተደላድላም ተቀመጠች።

ቤታቸው ገጀረት ሰፈር ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንዱ ኣስመሮምና እሷ፣ በአንዱ ልጆቹና አማቷ ኣደይ ለተብርሃን ይተኛሉ። በምሳ ሰዓት ከተማው ሁሉ ይዘጋልና ኣስመሮምም ይመጣል፣ ልጆቹም ይመጣሉ። አማቷ ፓስታውን አውጥተው፣ ቲማቲም ዘንድሮ እንደ ሥጋ መወደዱን እያማረሩ ለየአንዳንዱ አካፈሉ። በኣምለሰት ሳህን ላይ ከሁሉም የበዛውን አደረጉ። ክፉ ሴት አይደሉም። እሷ መንትዮቹን አምጣ በሞትና በሕይወት መሐል ሳለች ሦስት ሌሊት ሳይተኙ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ውኃ ለመጠጣት ወደ ውጭ ሲወጡ አማቷ እጃቸውን በጨርቅ እያበሱ፣ ጸበል እንደሚወስዷት ተናገሩ። ስፌቱ እንደጠገገ ወዲያው ይሄዳሉ፤ ስእለቱን ተስለዋል፤ ዘንድሮ ባይሆን በሚመጣው ዓመት እግዚአብሔር ወንዱን ይሰጣል። ኣምለሰት ሹካዋን አስቀመጠች። ይህ ነገር ዛሬ ጠዋት በክሊኒኩ የተወለደ አይደለም ማለት ነው። እናትና ልጅ በዚህች ክፍል፣ በዚህች ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ ውጭ ልብስ ስታሰጣ ወይም ገበያ ስትሄድ ተቀምጠው ጨርሰውታል።

ጠዋት በክሊኒኩ በር ኋላ ቆማ ሁሉንም እንደሰማች ነገረቻቸው። ድምፅዋን አላነሣችም። ኣስመሮም ቀና ብሎ ሳያያት፣ ሐኪም የሚቆርጠው ነገር ካገኘ መቁረጥ እንደሚወድ ተናገረ። ቀዳዳው በሽታ ነው፣ እሱ ይሰፋ፤ ሌላው ግን የጣልያን ሴቶች ለማማር የሚያደርጉት ነው፤ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል አለ። አማቷ ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ኣምለሰት አልጠበቀችም ነበር። ተነሥተው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ቀሚሳቸውን ከፍ አደረጉ። በሆዳቸው ዙሪያ፣ በሥጋቸው ላይ፣ ከብዙ መታጠብ የተነሣ ግራጫ የሆነ ሰፊ መቀነት ጠብቆ ታስሯል። ከመቀነቱ በላይ የቡጢ ያህል እብጠት ወጥቷል።

«ያንቺም ይኸው ነው» አሉ። «ኣስመሮምን ከወለድኩ ጀምሮ ይዤዋለሁ። በላዩ አራት ወልጃለሁ። አልሞትኩም።»

ኣምለሰት ያንን መቀነት ለረጅም ጊዜ አየችው። በአንድ ጣሪያ ሥር ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ አንድም ቀን አላወቀችም። ማታ ማታ ሴትዮዋ መብራት ሳይጠፋ ልብሳቸውን የማይለውጡት ለምን እንደሆነ ገባት። አዘነችላቸው። ግን ሐዘኑ ወደ ኋላ አልጎተታትም።

«እርስዎ ችለውታል፣ ኣደይ» አለች። «እኔም አልችልም አላልኩም። አልፈልግም ነው ያልኩት።»

ኣስመሮም ያን ጊዜ ነው ተነሥቶ የቆመው። አራት ልጆች የወለደች ሴት ለማን ልታምር ነው ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው እሱንም ያሳፈረው ይመስላል፤ ከአፉ ሳይጨርሰው ዓይኑን ወደ መስኮቱ ወሰደ።

«ባምርስ?» አለችው። «ልጄን ማንሣት እፈልጋለሁ። ሆዴን ሳልይዝ መሳቅ እፈልጋለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ባምር ማን ይጎዳል? አንተን ቢሮህ ውስጥ ሳይጠይቁህ ወሰኑብህ። አንዴ እንኳ ምን ትላለህ አላሉኝም ብለህ አንድ ዓመት ሙሉ አልተኛህም፤ አጠገብህ ተቀምጬ አብሬህ አነጋሁ። አንተስ እኔን ጠየቅኸኝ?»

ውጭ ልጆቹ በውኃ ይራጫሉ። ኣስመሮም ፊቱ ሲቀላ፣ ከዚያ ሲጠቁር አየችው። ያንን ነገር ከእሷ በቀር ለማንም አልተናገረውም፤ ለእናቱ እንኳ በሥራው ዕድገት አገኘሁ ነበር ያላቸው። አሁን ዕድገት አለመሆኑን አወቁ። ኮቱን ከወንበሩ አንሥቶ፣ ያለ እሱ ቃል ማንም ሐኪም እንደማይነካት ተናግሮ፣ ቀዳዳው ብቻ የማይሰፋ ከሆነ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ጨርሶ ይቅር ብሎ ወጣ። ብስክሌቱ የግቢውን ድንጋይ እየመታ ሲሄድ ተሰማ።

የሌሊት ልብሷንና ሳሙናዋን በጨርቅ ከረጢት ከታ በሩ ላይ ስትቆም አማቷ ሳህን ያጥቡ ነበር። ሳትሰናበታቸው ወጣች። እሳቸውም ፊታቸውን አላዞሩም።

በመንገዱ አፍ ላይ ዘሀራና ባሏ ሑሴን ሻሂ ቤት አላቸው። ወሎዬዎች ናቸው፤ ከደሴ ወዲያ ካለች ቀበሌ መጥተው በዚህች ጠባብ ክፍል ሻሂና ቦምቦሊኖ መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ኣምለሰት አማርኛዋን ያቃናችው ከማታ ትምህርት ቤት ይልቅ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው። ዘሀራ በበኩሏ ትግርኛን ከኣምለሰት ለምዳለች፤ ሁለቱ ሲያወሩ ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው ይሆናል። ዘሀራ ከረጢቱን አይታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ኣምለሰት በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ የጠዋቱንም የምሳውንም ነገረቻት። ስትጨርስ ዘሀራ አልመከረቻትም፣ ባሏንም አልሰደበችም። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፦ ከተሰፋ በኋላ ለስንት ጊዜ ዕቃ አታነሺም አሉሽ? ኣምለሰት እስከ ሁለት ወር ድረስ ባልዲ ውኃ እንኳ እንዳታነሣ መከልከሏን ነገረቻት። ዘሀራ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች።

«ውኃው በሑሴን ይሁን» አለች። «ልብሱን እኔ አጥባለሁ። ልጆቹን ማታ ማታ እዚህ አበላቸዋለሁ፣ ለአማትሽም እልክላቸዋለሁ። አብሽሪ። ሌላውን ግን አንቺ ነሽ የምትናገሪው፣ እሱን ማንም አይናገርልሽም እቴ።»

ሁለቱ ሆነው በእግር ወደ ክሊኒኩ ወጡ። ሻሂ ቤቱን ሑሴን ያዘው። ኣምለሰት ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ቆመች፤ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተጠመዘዘ። አንጀቷ ወጥቶ አልመለስ አለ። ከአንድ አጥር ጥግ ገብተው ዘሀራ በነጠላዋ ከለለቻት። ኣምለሰት ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ እስትንፋሷን ይዛ ቀስ በቀስ ገፋችው። ላቡ ከግንባሯ ወረደ። በመጨረሻ ተንሸራቶ ሲገባ አንዲት ድምፅ ሰጠ፣ የምታውቃት ድምፅ። የዘሀራ ፊት አመድ መስሎ ነበር። ኣምለሰት ልብሷን አስተካክላ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜም ቢሆን ለሌላ ሰው ደስታ ብዬ አልገፋውም አለችና ቀድማ መሄድ ጀመረች።

ዶክተር ፎርናሪ በሽተኞቹን አይቶ እጁን ሲታጠብ አገኙት። ኣምለሰት መነኩሲቷ ወደ አልጋዋ እንድትወስዳት አልፈቀደችም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ እሱ እጁን እያደረቀ፣ በጣልያንኛ ነገረችው። ጠዋት ከባሏ ጋር የተነጋገረውን ሰምታለች። ለእሷ ያስረዳት ሁለቱ ሥራ አንድ ሥራ ነው ብሎ ነው። እሷም እሺ ያለችው ለዚያ ሥራ ነው። ሐኪሙ ፎጣውን አጣጠፈ፣ መልሶ ፈታው። እሷ ትክክል መሆኗን አልካደም፤ ሥራው እንደዚያ መሠራት እንዳለበት ራሱ ያውቃል። ግን ባል ያለውን ትቶ ሚስት እንዳለችው ቢሠራ ነገ ማን ይከሰሳል? በዚህ አገር የተወለደ ቢሆንም አሁን የመኖሪያ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያሳድስ የውጭ ሰው ነው። በአዲሱ ፍርድ ቤት በማያውቀው ቋንቋ መቆም አይፈልግም። ፈርቻለሁ ከሚለው ቃል በቀር ሌላውን ሁሉ ተናገረ። ኣምለሰት አዳመጠችው።

«ቃልዎን ለባሌ ሰጡት» አለችው። «የሚከፍቱት ግን የእኔን ሆድ ነው። ቀዳዳውን ብቻ ሰፍተው ብፈነዳ፣ ያን ጊዜ ለማን ነው የሚመልሱት?»

ሐኪሙ የሆስፒታል ሰው እንደሚያደርገው ሰዓቱን አየ። ኣምለሰት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወደ አልጋም እንደማትሄድ፣ ወደ ቤትም እንደማትሄድ ነገረችው። ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ ትተኛለች፤ ካልሆነ እዚሁ ትቀመጣለች፣ ነገ ጠዋት የሚመጡት በሽተኞች ሁሉ እየጠየቋት ለሁሉም ትናገራለች። መነኩሲቷ የጠያቂ ሰዓት ማለቁን በለሆሳስ አስታወሰቻት። ኣምለሰት እኔ ጠያቂ አይደለሁም አለች። ዘሀራ አጠገቧ ተቀምጣ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። የኮሪደሩ ወለል ገና መታጠቡ ነው፤ የሎሚና የአልኮል ሽታ ይሸታል። ከአንድ ክፍል ደጃፍ ሁለት በሽተኞች አንገታቸውን አውጥተው ያዩ ነበር፤ አንዷ አሮጊት ወደ ኋላ አልተመለሱም፣ እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ።

ኣስመሮም የመጣው ጨለም ሲል ነው። ቤት ገብቶ አላገኛትም፤ ሑሴን ነግሮት መጣ። የሱሪው ጫፍ በብስክሌት መቆንጠጫ እንደተያዘ ነበር። ሐኪሙን፣ መነኩሲቷን፣ ዘሀራን አየና፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ተነሽ እንሂድ አላት፤ በትግርኛ፣ ቀስ ብሎ። ኣምለሰት አልተነሣችም። እጁን ያዘችው። ሊስብ ሲል አጥብቃ ያዘችውና፣ ነጠላዋን በላዩ ጣል አድርጋ፣ መዳፉን ከእምብርቷ በላይ አስቀመጠችው። መንትዮቹ ከተወለዱ ወዲህ እጁ እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም። በጨለማ ሲነካት እንኳ ያንን ቦታ ዘሎ ነበር የሚያልፈው። ሆን ብላ አሳለች። አንጀቷ ወጥቶ በመዳፉ ሥር ሞቆ፣ ሕይወት እንዳለው ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ግፋው» አለችው። «እኔ ሁልጊዜ እንደምገፋው።»

አልገፋውም። መግፋት አልቻለም። ፊቱን አላየችም፤ ማየትም አልፈለገችም፤ ፊቱን ካየች ልታጽናናው እንደምትጀምር ታውቃለች። ዛሬ ማጽናናት የእሷ ሥራ አልነበረም። እጁን ለቀቀችው፣ አንጀቷን ራሷ መለሰችው። ኣስመሮም እጁን በሌላው እጁ ይዞ ቆመ። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሲኞር ኣስመሮም፣ እንግዲህ ምን ይላሉ አለው።

ኣስመሮም ሲናገር ድምፁ ጣልያንኛ ሲያወራ እንደሚቀጥነው አልነበረም፤ ወፍራም፣ የተሰበረ፣ ምሬትም ያለበት ነበር።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል» አለ። «እሷን ይጠይቁ።»

ልግስና አልነበረም። ሽንፈትም ይሁን እፍረት ኣምለሰት አላጣራችም። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ፤ ጠዋት ለባሏ የሰጠውን አክብሮት ሁሉ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሲኞራ፣ ምን ይፈልጋሉ ሲል ጠየቃት። ከተወለደች ጀምሮ አንድ የተማረ ሰው በባሏ ፊት እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሁለቱንም» አለች። ከዚያ ተነሥታ ከረጢቷን ከዘሀራ ተቀብላ፣ መነኩሲቷን ተከትላ ገባች።

በማግሥቱ ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ስትነቃ ወገቧ ላይ እሳት የታሰረ መስሎ ተሰማት፤ ከጎንና ጎኗ ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ደም ያዘለ ውኃ ወደ ጠርሙስ ያንጠባጥቡ ነበር። ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርገውባታል፤ ስፌቱ እንዳይወጠር ለሳምንታት ጎብጣ እንድትተኛ፣ ጎብጣ እንድትራመድ ታዘዘች። ሐኪሙ እጅግ በደከመ ፊት መጥቶ፣ ጡንቻዎቹ እንደሚገባ እንደተገናኙ፣ መሐላቸው አሁን ጣት እንደማያስገባ ነገራት። ሲያማት ዋለ፣ ሲያማት አደረ። አልተጸጸተችም። ዘሀራ በየቀኑ መጣች። አማቷ አልመጡም፤ ሰኞ ዕለት ግን በዘሀራ እጅ ሾርባ ላኩ፤ ጨው የሌለው፣ ለተሰፋ ሰው የሚሆን ሾርባ።

ኣስመሮም በየማታው ከቢሮ ሲወጣ ይመጣ ነበር። አልጋው አጠገብ ባለች ወንበር ተቀምጦ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግቢው ውኃ መቋረጥ ያወራል፤ ሌላ ነገር አያነሣም። በዚያ ሳምንት መጨረሻ አንድ ማታ ግን ወሬው አለቀበት። ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አሽከረከረ። በቢሮ ሰዎች እንደሰሙ፣ አንዱ ኦፕራሲዮኑ ምን ነበር ብሎ እንደጠየቀው፣ ሌላው ደግሞ እንግዲህ ወንድ ልጅ አይኖርህም ማለት ነው እንዳለው ነገራት። ኣምለሰት ጣሪያውን እያየች ሰማችው።

«ምን ልበላቸው?» አላት፤ የእውነት እየጠየቀ ነበር።

ጎኗ ላይ ያለውን የአልጋ ብረት ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። መነኩሲቷ ያለ ረዳት እንዳትነሣ አስጠንቅቃታለች። ኣስመሮም ሊደግፋት ብድግ ሲል በእጇ አስቆመችው። እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች፣ ጎበጥ ብላ ቆመች፣ ሕመሙ እስኪያልፍ ጠበቀች፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ አየችው።

«አራት ልጆች አሉኝ በላቸው» አለችው። «ስማቸውንም ንገራቸው።»